ጀልባዋ እስክትሞላ፦ የጣና ደሴቶች ጉዞና የትናንሽ አውሮፕላኖች ነገር

ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት የሚሄድ ሰው ወደቡ ላይ እንደደረሰ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ትነሳለች?» ብሎ ነው። መልሱ «ስትሞላ» ነው። ባለፈው ጥር እኔም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደርሼ ይህንኑ ተባልኩ። ጀልባዋ ላይ ጨው በኩንታል፣ ዘይት በጀሪካን፣ ሳሙና በካርቶን፣ አንድ ሰውዬ ለቤት ክዳን የገዛው ቆርቆሮ ሳይቀር ተጭኗል፤ ሰው ግን ከስምንት አይበልጥም። አጠገቤ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ የሕክምና ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ ቆማለች። «ትናንትም መጥቼ አልሞላ ብሎ ዘመድ ቤት አደርኩ» አለችኝ። አላማረረችም። የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው የነገረችኝ። የተነሳነው 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ጣናን የሚያውቅ ሰው የእነዚያ ሦስት ሰዓታት ዋጋ ይገባዋል። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት የረጋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳበታል። ደቅ ደግሞ ከባሕር ዳር በውሃ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በተለመደው ሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በማለዳ የተነሳ ሰው በእርጋታ ይደርሳል፤ አርፍዶ የተነሳ መጨረሻውን ከማዕበል ጋር ነው የሚጓዘው። እኛም የደቅ ጎረቤት የሆነችው የዳጋ ደሴት ኮረብታ ወለል ብሎ እየታየን፣ ውሃው በሸራው ሥር እየገባ ጨውን በላስቲክ ስንሸፍን ነበር። ያቺ እናት ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። መንሳፈፊያ ጃኬት ለሁላችንም አልበቃም፤ የነበሩትም ሰው የለበሳቸው ሳይሆኑ የተቀመጠባቸው ናቸው።

ይህንን ጉዞ ከተማ ተመልሼ ቡና ላይ ሳወራ አንድ በቱሪዝም ሥራ የቆየ ወዳጄ «ታዲያ ውሃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ለምን አይገባም? ማልዲቭስ እኮ ሰው ከደሴት ደሴት የሚሄደው በእሷ ነው» አለ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር። ግን ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት የየብስ መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ «በአየር ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ በየቡናው ይነሳል። ስለዚህ ሳቁን ትቼ ነገሩን በቁጥር ላየው ፈለግሁ።

ወዳጄ የጠቀሰው የማልዲቭስ ምሳሌ ብዙ አይጠቅመንም። እዚያ ያሉት በተንሳፋፊ እግር ውሃ ላይ የሚያርፉት «ትዊን ኦተር» አውሮፕላኖች በዋናነት የሚያመላልሱት በዶላር የሚከፍለውን የሪዞርት እንግዳ ነው። ዓሣ አጥማጁና ተማሪው የሚሄዱት በጀልባ ነው። የኛን ጉዳይ በቅርብ የሚመስለው ሌላ፣ ብርድና ነፋስ የበዛበት ቦታ ነው፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉት የኦርክኒ ደሴቶች።

እዚያ ሎጋንኤር የሚባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በደሴቶቹ መካከል ይበርራል። አውሮፕላኑ «አይላንደር» ይባላል፤ ባለ ሁለት ሞተር ነው፣ አንድ አብራሪና ስምንት ገደማ መንገደኛ ይይዛል። በእንዲህ ባለ ትንሽ አውሮፕላን መንገደኛው ከሻንጣው ጋር ሊመዘን፣ መቀመጫውም እንደ ክብደቱ ሊሰጠው ይችላል። (የኛ ሰው አደባባይ ላይ ሚዛን ላይ ውጣ ቢባል ምን እንደሚል ለመገመት አያስቸግርም።) ዌስትሬይ ከምትባለው ደሴት ፓፓ ዌስትሬይ ወደምትባለው የሚደረገው በረራ የዓለማችን አጭሩ መደበኛ በረራ ነው፦ 2.7 ኪሎ ሜትር። በወረቀት ላይ ሁለት ደቂቃ ይባላል፤ ነፋስ ሲያግዝ በ53 ሴኮንድ ተጠናቅቆ ያውቃል። የባሕር ዳሩ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ 3 ኪሎ ሜትር ነው። ማለትም እኛ ዘንድ ትልቁ አውሮፕላን ተንደርድሮ በሚነሳበት መሬት ላይ እነሱ ተነስተው፣ በርረው፣ አርፈው ይጨርሳሉ።

ፓፓ ዌስትሬይ ነዋሪዎቿ መቶ አይሞሉም። ለመቶ ሰው አውሮፕላን የሚመድብ ነጋዴ በዓለም ላይ የለም፤ ሎጋንኤርም ለጽድቅ አይደለም የሚበርረው። የደሴቶቹ ምክር ቤት መስመሩን በጨረታ ያወጣል፤ ያሸነፈው ድርጅት በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት፣ ከስንት በማይበልጥ ዋጋ እንደሚበርር በውል ይገባል፤ ከትኬት የጎደለውን ምክር ቤቱ ይሞላል። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ለፈተና የሚሄደው ተማሪ ሁሉ ጊዜውን በዚያ ሰዓት ሠሌዳ ይቆርጣል። አውሮፕላኑ ሁለት ሰው ቢይዝም ይነሳል። ባዶም ከሆነ ወደሚጠብቀው ሰው ይሄዳል።

የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አውሮፓ ውስጥ ይህ አሠራር በሕግ ታውቆ «የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ» የሚል ስም አለው። አሜሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያዋን እ.ኤ.አ. በ1978 ለውድድር ስትከፍት፣ አየር መንገዶች አዋጭ ያልሆኑ ትናንሽ ከተሞችን ጥለው እንዳይሄዱ በዚያው ዓመት የድጎማ ፕሮግራም አቋቁማለች፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ኖርዌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተራራና ባሕር በቆራረጠው ጠረፏ 800 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው ማኮብኮቢያዎች ሠርታ በትናንሽ አውሮፕላኖች አገናኘችው። ለነፃ ገበያ የሚሟገቱትም ሆኑ ለመንግሥት ሰፊ ድርሻ የሚሰጡት አገሮች የደሴት ሰው ጉዞ ላይ ሲደርሱ ተመሳሳይ ነገር ማድረጋቸው ይገርመኛል።

የኛም ሰማይ ለትናንሽ አውሮፕላን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሽማግሌዎቻችን «ዳኮታ» በሚሏቸው አውሮፕላኖች ሣር ሜዳ ላይ ሳይቀር ያርፍ ነበር፤ ኋላም ባለ 19 መቀመጫ «ትዊን ኦተሮች» ነበሩት። አገሩ መንገድ ሲያገኝ ብዙዎቹ ማረፊያዎች የከብት መዋያ ሆኑ። ዛሬ ለአገር ውስጥ በረራ በስፋት የሚሠራበት «ኪው 400» ከሰባ ሰው በላይ የሚይዝ ነው። እሱን ደቅ ላይ ማሳረፍ ይቅርና ማሰብም አይቻልም።

ትንሿስ? መጀመሪያ የሚያስቸግረው ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። አየሩ ሳስቷል፤ የሳሳ አየር ክንፍንም ሞተርንም ያደክማል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። በሚያዝያ ቀትር ላይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አውሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ኖርዌይ በባሕር ዳርቻ 800 ሜትር የበቃው አውሮፕላን እዚህ በጣም የረዘመ ሜዳ ይፈልጋል ማለት ነው። ለምሳሌ 1,200 ሜትር በ80 ብንል አሥር ሄክታር ገደማ ይሆናል። ደቅ የጣና ትልቋ ደሴት ናት፤ ግን ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትታለፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ የሚዘራባት፣ አባት ለልጁ የሚያካፍለው መሬት ያጠረባት ናት። አሥር ሄክታር ማለት የስንት ቤተሰብ ማሳ እንደሆነ የደቅን ገበሬ መጠየቅ ነው።

ውሃ ላይ ቢያርፍስ? የሐይቁ ስፋት ያጓጓል፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ሆኖም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ ነፋስ ሲነካው ወዲያው አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል የሚያነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው። አነስተኛ የውሃ አውሮፕላን ደግሞ ከግማሽ ሜትር ማዕበል ጋር ፍቅር የለውም። በዚያ ላይ ንጋት ላይ፣ ውሃው ለማረፍ በተመቸበት ሰዓት፣ ሐይቁ ባዶ አይደለም። ከደንገል የታሰሩ ታንኳዎች ያለ መብራት፣ ከውሃው ሁለት ስንዝር ከፍ ብለው ይቀዝፋሉ፤ መረብ የተዘረጋበት ሁሉ ምልክት የለውም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የምናውቀው እምቦጭ ደግሞ ነፋስ በወሰደው ያድራል፤ ትናንት ጠርቶ ያየኸው የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻ ዛሬ አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሶ ታገኘዋለህ።

ወፍን አለመጥቀስ አይቻልም። በባሕር ዳር የበረራ ታሪክ ውስጥ የማይረሳ ቀን መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። ወደ አሥመራ ለመሄድ ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ አቆሙ፤ በሆዱ ወደቀ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው ከሌላው ሁሉ በተጨማሪ የወፍ አገር በመሆኑ ነው። በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ወፎች በፎገራ ሜዳ ላይ በሺህ ሲያርፉ ያየ ሰው በዚያ ከፍታ ላይ ዝቅ ብሎ የሚመላለስ ትንሽ አውሮፕላን አያምረውም።

ስለ ገዳማቱም አንድ ነገር። ከጣና 37 ደሴቶች ሃያ ገደማ የሚሆኑት ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለባቸው። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም፤ መነኮሳቱ ወደ ሐይቁ የሄዱት ከሌላው ሁሉ ርቀው በጸጥታ ሊቀመጡ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ ራስ ላይ የሚያጓራ ሞተር ምን እንደሚባል አባቶችን ሳይጠይቁ መገመት ይቻላል። ቱሪስት ይዞ የሚመጣው ገንዘብ እንደሚያለዝባቸው የሚገምት ካለ አባቶችን በቅርብ አያውቃቸውም።

ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ፈቃዱ ሌላ ጣጣ ነው። በፒስተን ሞተር የሚሠሩት ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚጠጡት የተለየ ቤንዚን እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ በጄት ነዳጅ የሚሠራ «ካራቫን» ወይም «ትዊን ኦተር» መምረጥ ግድ ነው፤ እነሱ ደግሞ ውድ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ የአገር ውስጥ አየር ትራንስፖርትን ለውጭ ባለሀብት የሚፈቅደው ከኢትዮጵያዊ ጋር ተጣምሮ፣ ከ49 በመቶ ሳይበልጥ ነው። ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ሆቴል ላይ ነው የሚያደርገው፤ አልፈርድበትም።

ዋናው ግን የጭነቱ ነገር ነው። ካራቫን ዘጠኝ፣ ትዊን ኦተር አሥራ ዘጠኝ ሰው ይይዛል። ያንን የቆርቆሮ ጥቅል፣ ያንን ጨው ማን ይጭነዋል? ከደሴት ወደ ከተማ የሚመጣውስ፦ በቆሎው፣ የሎሚው ዘንቢል፣ ትኩስ ዓሣው? የደሴት ሰው ባዶ እጁን አይጓዝም። ኦርክኒም ቢሆን አውሮፕላኑ ሰው፣ ጀልባው ዕቃ ይዞ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት፤ አውሮፕላን ያስፈለጋቸው አንዱ ምክንያት የሰሜን አትላንቲክ ክረምት መርከብን ለቀናት ማገዱ ነው። የኛ ሐይቅ ክፋቱ የከሰዓት ነፋስ ነው። በማለዳ የተነሳ ጀልባ ያመልጠዋል። አውሮፕላን በሌለበት በማለዳ መነሳት ብቻውን ጣናን ያሳጥረዋል።

ስለዚህ ከኦርክኒ የምንኮርጀው ክንፉን ሳይሆን ውሉን ነው። «ስትሞላ» የምትለዋ ቃል ስንፍና አይደለችም፤ የጀልባው ባለቤት ሂሳብ ናት። ናፍጣ ቀድሞ ተገዝቷል፤ ስምንት ሰው ይዞ ቢነሳ ይከስራል። ባዶው ወንበር የሚያስከትለውን ኪሳራ ያ ባለ ጀልባ ብቻውን እንዲሸከም እስከተተወ ድረስ ያቺ እናት ሁለት ቀን ትጠብቃለች። ኦርክኒ ላይ ባዶውን ወንበር የሚከፍለው ምክር ቤቱ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

«ለጥቂት ሺህ ሰው ድጎማ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዩራፕ በሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ሲሠራ፣ አንዱንም መንገድ «ያተርፋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መንገድ መንገድ ነው፤ መንግሥት ይጠርገዋል፣ ሰው በነፃ ይረግጠዋል። የደቅ ቀበሌ ግን ግሬደር አይደርስለትም። የእሱ መንገድ ውሃው ነው፤ ውሃው ደግሞ ያለ ጀልባ መንገድ አይሆንም። ለየብሱ ቀበሌ ጠጠር የተመደበውን ያህል ለውሃው ቀበሌ ናፍጣ ቢመደብ ውለታ አይባልም።

ትልልቅ ነገር እንወዳለን፤ ይህ አይካድም። «ጣናነሽ ፪» በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በግዙፍ ተጎታች ላይ ተጭና ተራራና ቁልቁለት አቋርጣ ስትመጣ አገር ምድሩ በስልኩ ተከታትሏታል፤ እኔም በየቀኑ «የት ደረሰች?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። 188 ሰው የምትይዝ መርከብ ናት፤ ለባሕር ዳርና ለጎርጎራ መስመር ጥሩ ነው፤ ጎርጎራ ላይ የተሠራውን ኢኮ ሪዞርት ለሚጎበኝ ሰው ደግሞ ደስታ ነው። ለብዙ ዓመታት በዚህ መስመር የነበረው አሮጌ መርከብ በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር የሚነሳው፤ ዘጌን፣ ደቅን እየነካ፣ ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ ጎርጎራ ይገባ ነበር። በዝግታው ሰው ይቀልድ ነበር፣ ግን ቀኑ ይታወቅ ነበር። ከቁንዝላ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ በጉን የሚያመጣው መርከቡ የሚመጣበትን ቀን አስቦ ነው። ከዚያ አሮጌ መርከብ የናፈቀኝ ይኸው ነው።

ለደሴቶቹ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው፦ ሠላሳ አርባ ሰውና ጥቂት ኩንታል የሚይዝ፣ ዝቅ ያለ ሆድ ያለው፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሞላም አልሞላም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ጀልባ። ከወዲያም እንዲሁ። ለባለ ጀልባዎቹ ማኅበር በጨረታ ይሰጥ፤ ቢዘገይ ይቀጣ፤ መንሳፈፊያ ጃኬቱ በሰው ልክ ይቆጠር፤ ባዶ የሄደበት ቀን ይከፈለው። ለድንገተኛ ሕመምና ለምጥ አንዲት ፈጣን ጀልባ ሌሊትም ብትሆን ነጂ ተመድቦላት ደቅ ላይ ትደር። አየሩን በሚመለከት ደግሞ፣ ሕይወት ሊያልፍ ሲል ብቻ የሚጠራ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት አንድ የተስተካከለ ሜዳ በቂ ይመስለኛል፤ እሱ አሥር ሄክታር አይጠይቅም፤ የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ይበቃዋል።

ይህም ሁሉ ሆኖ የመርገጫው ጉዳይ አለ፤ ማንም የማይጽፍለት። የጣና ውሃ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል ይወርዳል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይሸሻል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ከጫራ ጫራ ግድብ በር የሚለቀቀውና በበለስ ዋሻ ወደ ኃይል ማመንጫ ጣቢያው የሚሄደውም ውሃ በዚህ ውስጥ አለበት። በጥቅምት ጀልባ የሚጠጋበት ድንጋይ በግንቦት ጭቃ ሜዳ መሃል ይቀራል። እኛ ጥር ላይ ስንደርስ ውሃው ገና በቂ ነበር፤ ሆኖም ጀልባዋ ከዳር አሥር እርምጃ ሲቀራት መሬት ነካች። ወጣቶቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። ያቺ እናት ሕፃኑን ለአንዱ ጎረምሳ አቀበለች፤ የሕክምና ወረቀቷን ከነፌስታሉ በጥርሷ ነክሳ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ወረደች፤ ውሃው ጉልበቷ ላይ ደረሰ። «በሰኔ ከሆነ ከዚህ እስከ ዚያች ዋርካ ድረስ ጭቃ ነው» አለኝ ጎረምሳው ሕፃኑን ከፍ አድርጎ እንደያዘ።